ወባ በማይክሮስኮፕ፦ ከጣት ጠብታ እስከ ውጤት ወረቀት

[ምስል፦ ጓንት ያጠለቀ እጅ፣ ላንሴት፣ ንጹህ ስላይድ]

ትኩሳት ይዟችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ «ቢኤፍ»፣ ማለትም ወባን በደም ቅብ የሚፈልግ ምርመራ፣ ይታዘዝላችኋል። ጣታችሁ ይወጋል፣ ደም ይወሰዳል፣ ከዚያ «ውጭ ጠብቁ» ትባላላችሁ። እስቲ በዚያ ሰዓት ላብራቶሪ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ፈጣን መመርመሪያ ኪት እያለ ማይክሮስኮፕ ለምን አስፈለገ? ብዙዎቹ ኪቶች ፋልሲፓረም የሚባለውን ወባ የሚለዩት ኤችአርፒ2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የማይሠሩ የወባ ተህዋሲያን ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝተዋል። ኪቱን ሊያመልጡት ይችላሉ። ማይክሮስኮፕ ግን የሚያየው ተህዋሲውን ራሱን ነው። ያም ስላይዱ በደንብ ከተሠራ ነው።

ጣቱን በአልኮል ጠርጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። ጎኑን ውጉ። የመጀመሪያውን ጠብታ በደረቅ ጥጥ ጥረጉት። ቀጥሎ አንድ ትንሽና አንድ ተለቅ ያለ ጠብታ በአንድ ስላይድ ላይ አኑሩ።

[ምስል፦ ሁለቱ ጠብታዎች በቅርበት]

ትንሹ ለስስ ቅብ ነው። ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ሌላ ስላይድ አስነኩት። ደሙ በጠርዙ ላይ ሲሰራጭ፣ በ45 ዲግሪ ገደማ አዘንብላችሁ ሳታቋርጡ ወደ ፊት ግፉት። ትልቁን በስላይድ ጥግ እያዞራችሁ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ አድርጉት፤ ይህ ወፍራሙ ቅብ ነው። ልኩን ለማወቅ፣ ገና ሳይደርቅ የታተመ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንደምንም ከተነበበ፣ ልክ ነው።

አሁን ይደርቅ። ዝንብ እንዳይደርስበት! ዝንብ ደሙን ይበላዋል።

ብዙ ስላይድ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሰልፉ ረዝሟል፣ ታካሚው ይጠብቃል፣ ስላይዱን ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ ማድረግ ያምራል። እባካችሁ አታድርጉት። ወፍራሙ ቅብ ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች ተደራርበዋል። ቀለሙ ውስጥ ያለው ውሃ ሲነካቸው ይፈነዳሉ፤ ተህዋሲውና ነጭ የደም ሴሎች ብቻ ይቀራሉ። ሙቀት ካደረቃቸው ግን አይፈነዱም፤ ከሥራቸው ያለው ሁሉ ይሸፈናል። ሜታኖል የተባለው አልኮልም እንደዚያው ያደርጋል። ስሱን ግን ሴሎቹ ሳይፈነዱ እንዲቆዩ በሜታኖል ንከሩት፤ ያኔ ወፍራሙን አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትነካው ተጠንቀቁ።

ቀለሙ ጊምሳ ነው። ስሙን ያገኘው በ1904 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ካሳተመው ጀርመናዊው ኬሚስት ጉስታቭ ጊምሳ ነው። በተለመደው ፈጣን አሠራር 10 በመቶ አድርጋችሁ፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኩ) 7.2 በሆነ ውሃ ትበጠብጡና 10 ደቂቃ ያህል ታቆዩታላችሁ። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በጥብጡ።

[ምስል፦ ውሃ በዝግታ ስላይዱ ላይ ሲፈስ]

አጥበቱን ልብ በሉ። ቀለሙን መጀመሪያ አትድፉት። ላዩ ላይ የሰፈፈው ዝቃጭ ቅቡ ላይ ይጣበቅና ተህዋሲ ይመስላል። ውሃውን ቀስ ብላችሁ ስታፈሱ፣ ዝቃጩ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ከዚያ አቁማችሁ አድርቁት።

ኢመርዥን ኦይል የተባለውን የማይክሮስኮፕ ዘይት ጠብ አድርጉና 100 ጊዜ በሚያጎላው ሌንስ እዩ። የተህዋሲው ኒውክለስ ቀይ፣ ዙሪያው ሰማያዊ ይሆናል። ወፍራሙ ቅብ ወባ መኖሩን ቶሎ ያሳያችኋል፤ ዓይነቱን በደንብ የሚለየው ስሱ ነው። ፋልሲፓረም ቀጫጭን ቀለበቶች አሉት፤ አንዳንዴም ሙዝ የመሰለ ቅርጽ ይታያል። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ያለበት ቀይ ሴል አብጦ፣ ደቃቅ ነጠብጣብ ይኖረዋል።

«ወባ አለ» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል። ስለዚህ ከደም ውስጥ ከሚያጠፋው መድኃኒት በተጨማሪ፣ የተደበቀውን የሚያጠፋ ፕሪማኩዊን ያስፈልገዋል። ዓይነቱ ካልተጻፈ ሐኪሙ ይህን በምን ያውቃል?

ምንም ካላያችሁስ? ወፍራሙ ቅብ ላይ ቢያንስ 100 እይታ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ቦታ) ሳትጨርሱ «ኔጌቲቭ» አትጻፉ። ኔጌቲቭ ሆኖም ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ ታካሚው ተመልሶ መጥቶ ደሙ እንደገና ይታይ።