ሳይቆራረጥ የሚደመጥ አልበም

ውድ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሸክላ ነው። ባንዱም አልበሙም ስማቸው «ካፕቴን ቢዮንድ» ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። የዚያ ዘመን ሮክ በተነሳ ቁጥር ሌድ ዘፐሊን ይጠራል፣ ብላክ ሳባዝ ይጠራል፣ ዲፕ ፐርፕል ይጠራል። ይህን ባንድ የሚያስታውሰው ግን ስንት ሰው ነው? እኔን ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ሰዎቹ እኮ ጀማሪዎች አልነበሩም። ድምፃዊው ሮድ ኢቫንስ የዲፕ ፐርፕል የመጀመሪያው ድምፃዊ ነው። በ1968 ባንዱን በአሜሪካ ያሳወቀው «ሀሽ» የተሰኘው ዘፈን ላይ የምትሰሙት ድምፅ የእሱ ነው። በዓመቱ ኢያን ጊላን ተተካበት። ጊታሪስቱ ላሪ ራይንሃርትና ቤዚስቱ ሊ ዶርማን አይረን በተርፍላይ ከተባለው ባንድ የመጡ ናቸው። የአይረን በተርፍላይን 17 ደቂቃ የሚፈጀውን ዝነኛ ዘፈን የምታውቁ፣ እዚያ ላይ ቤዙን የሚጫወተው ዶርማን ነው። ድራመሩ ቦቢ ካልድዌል ከብሉዝ ጊታሪስቱ ከጆኒ ዊንተር ጋር ሠርቷል። (ኋላ ላይ በፍቅር ዘፈን የታወቀው ቦቢ ካልድዌል እንዳይመስላችሁ። ስማቸው ገጠመ እንጂ ሌላ ሰው ነው።)

እነዚህ አራት ሰዎች 13 ዘፈን በ35 ደቂቃ ገደማ ውስጥ አስገቡ። አስገቡ ስል ግን ደርድረው አይደለም። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። የመጀመሪያው ዘፈን ዋና ሐረግ በአምስት ምት ነው የሚሄደው። ጠረጴዛ እየመታችሁ አራት አራት ብትቆጥሩ ቶሎ ትሳሳታላችሁ። ካልድዌል ግን ያንን አምስት ምት እንደ ቀላል ነገር ይነዳዋል፤ ራስን የሚያስነቀንቅ ያደርገዋል። ከዚያ ሙዚቃው ሳይቋረጥ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ዘፈን ይሻገራል። ፍጥነቱ ይበርዳል፣ ጊታሩ በሩቁ ይንሳፈፋል፣ ሳይኬዴሊክ የሚባለው፣ ሕልም ሕልም የሚለው ነገር ይመጣል። ረሳነው ስንል ያ የመጀመሪያው ሐረግ ከች ይላል! ሦስቱ ዘፈኖች አንድ ሥራ እንደነበሩ የሚገባን ያኔ ነው።

ሁለተኛው ፊትም እንደዚሁ ነው። «አይ ካንት ፊል ናቲን» የሚለው ዘፈን ይጀመርና ይቋረጣል። መሐል ላይ ስለ ጨረቃና ስለ ባሕር የሚያወሩ ረጋ ያሉ ክፍሎች ይገባሉ፤ ከዚያ ያ የተቋረጠው ተመልሶ አልበሙን ይዘጋል። ኢቫንስ ደግሞ አይጮኽም። የዚያ ዘመን ሃርድ ሮክ ድምፃዊ ሁሉ ጣሪያ ካልነካሁ በሚልበት ጊዜ፣ እሱ በወፍራም ድምፁ ረጋ ብሎ፣ አንዳንዴም የሚያወራ እየመሰለ ነው የሚዘፍነው። ለእኔ የአልበሙ ትልቁ ውበት ይህ ነው። ሙዚቃው ሲናወጥ ሰውየው አይናወጥም።

ታዲያ ለምን ተረሳ?

በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ይኸው አንድነቱ ነው። ሬዲዮ ሦስት ደቂቃ ቆርጦ የሚያወጣለት ዘፈን ይፈልጋል። ከዚህ አልበም አንዱን ብትቆርጡ ከሁለቱም በኩል ይደማል። ሌላም አለ። ያሳተመው ካፕሪኮርን የተባለው ኩባንያ ነው፤ ሜከን፣ ጆርጂያ። የኦልማን ብራዘርስ ባንድ ቤት ማለት ነው፣ የደቡብ ሮክ ቤት። አልበሙም መታሰቢያነቱ በጥቅምት ወር 1971 እዚያው ሜከን ውስጥ በሞተር ሳይክል አደጋ ለሞተው ለኦልማን ብራዘርስ ጊታሪስት ለድዌይን ኦልማን ነው። ፍቅሩ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን የካፕሪኮርን ደንበኛ ብሉዝ ይፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ ስለ ሕዋ ነው የሚዘፍኑት። የመጀመሪያው እትም ሽፋኑ እንኳ ዘንበል ቀና ስታደርጉት ጥልቀት ያለው የሚመስል ምስል ነበረው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። በሽፋኑ ላይ የዘፈኖቹ ደራሲ ተብለው የተጻፉት ኢቫንስና ካልድዌል ብቻ ናቸው። ራይንሃርትና ዶርማን ከቀድሞው ባንዳቸው የመጣ ውል ስላሰራቸው ስማቸው አልገባም። እስቲ ጊታሩን ስሙት፣ ቤዙን ስሙት፤ የእነዚህ ሰዎች እጅ የሌለበት ዘፈን የት አለ? ሁለቱም በ2012 አረፉ። እዚህ ስማቸውን ደጋግሜ የምጠራው ለዚህ ነው።

ባንዱም አልቆየም። በ1973 ሁለተኛ አልበም ሲያወጡ ካልድዌል ለቋል። ኢቫንስም ተከትሎ ሄደ። በ1980 በዲፕ ፐርፕል ስም ሌላ ባንድ ይዞ ዞረና ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ካሣ ወሰነ። ከዚያ ወዲያ ከመድረክ ጠፋ። ያንን ድምፅ ለያዘ ሰው ያሳዝናል።

እንግዲህ ሸክላውን ላስቀምጠው ነው። አንደኛውን ፊት እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን፤ መሐል ላይ እንዳታስቆሙኝ አደራ። ሁለተኛው ፊት ሲመጣ ጊታሩን ለጊዜው ተዉትና የዶርማንን ቤዝ ተከተሉ። ከዚያ በኋላ እስኪበቃን እንከራከራለን። አመሰግናለሁ።