«የዛሬ ሳምንት ነይ»

የተከበራችሁ የእድር አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የጤና ሳይንስ ተማሪ ልጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ? አካም ጅርቱ?

ዛሬ ሐምሌ 4፣ የዓለም ሕዝብ ቀን ነው። ለዚህ ቀን መነሻው የዓለም ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1987 5 ቢሊዮን መድረሱ ነበር። በ2022 8 ቢሊዮን ሞላን። አዘጋጆቹም «የሕዝብ ብዛት የዓለምን የተፈጥሮ ሀብት ይጨርሰዋል ወይ?» የሚል ርዕስ ሰጡኝ። ትልቅ ርዕስ ነው። እኔ ግን አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ለ31 ዓመት ሕዝብ የቆጠርኩት አንድ በአንድ፣ በእጄ እየተቀበልኩ ነው።

ቁጥሩ አያሳስብም አልልም። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 42 ሚሊዮን ነበርን። በ1999 ዓ.ም. ወደ 74 ሚሊዮን ደረስን። አሁን ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን። እዚህ የተቀመጣችሁ ጎልማሶች የጅማችንን ረግረግ፣ ቦዬን ታስታውሳላችሁ። ለኛ ቦዬ ማለት ውሃና ጉማሬ ነበር። ኋላ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ያዘው፤ ከፊሉም ለጡብ ተቆፈረ። የአዌቱን ወንዝም አይተነዋል፤ የከተማችን ቆሻሻ ማመላለሻ አድርገነው ነበር። ይህን ያደረግነው እኛው ነን፤ ስንበዛ ደግሞ ጥፋቱ ባሰ።

ማልተስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1798 ሕዝብ ከምግብ ቀድሞ ይበዛል ብሎ ነበር። ያኔ የዓለም ሕዝብ አንድ ቢሊዮን እንኳ አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ማዳበሪያው መጣ፣ የእርሻ ተመራማሪው የእነ ቦርሎግ ምርጥ የስንዴ ዘር መጣ፤ ምግቡም ጨመረ። እውነት ነው። ግን መሬት ምርጥ ዘር የለውም። አባት የተወውን መሬት አራት ወንድማማች ሲካፈለው ምን እንደሚቀር ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል። ሚስቱ ደግሞ ከእሱ በላይ ታውቃለች።

ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም። ከሰቃ በኩል ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ስትወጣ እኛ ጋ ጎራ ትል ነበር። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ነበር የምትወስደው። ካርዷን በስኳር ላስቲክ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ትይዘዋለች። የሌሎቹ ካርድ ዝናብ ሲመታው ቀለሙ ይለቅ ነበር። የእሷ ግን ሁሌም እንደ አዲስ ነው። አምስት ልጆች አሏት። መሬታቸው ግማሽ ሄክታር አይሞላም። «ሲስተር፣ እነዚህን አምስቱን በደንብ ላሳድጋቸው» ትለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ መጣች። መርፌው አልቋል። «የዛሬ ሳምንት ነይ» አልኳት። በሳምንቱ መጣች። አልገባም። «የዛሬ ሳምንት ነይ።» በሦስተኛው ሐሙስ ዝናቡ ለጉድ ነበር። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ገባች። የመኪናውን የከፈለችው ዶሮ ሸጣ ነው። አሁንም መርፌ የለም። አልተቆጣችም። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ካርዷን ተቀበለችኝ፣ ላስቲኩን በጣቶቿ አለሳልሳ መልሳ ጠቀለለችው። እነዚያ ጣቶች እስካሁን ከፊቴ አይጠፉም። ከወራት በኋላ ተመልሳ መጣች። ለመርፌ አይደለም፤ ለእርግዝና ክትትል።

አሁን ስሙኝ። መርፌው ነበረ! እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ መጋዘን ተቀምጦ ነበር። የእኛ መጠየቂያ ቅጽ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ ከርሟል። አንድ ፊርማ! እሷ በጭቃ ሦስት ጊዜ ስትመላለስ፣ ወረቀቱ አንዴ ከክፍል ክፍል መሻገር አቃተው።

ልጁን ያዋለድኩት እኔ ነኝ። 2 ኪሎ ከ800። ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብ ይወዳል። ስለዚህ በልጁ አምላክ፣ ከዚህ መድረክ ማንም «ትርፍ ሕዝብ» የሚል ቃል እንዳያወጣ። ያ ልጅ ትርፍ አይደለም። የጎደለው መርፌው ነው።

«የገጠር ሴት አይገባትም፣ ዝም ብላ ትወልዳለች» የምትሉም አላችሁ። ስብሰባ ላይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአገራችን ካገቡ 100 ሴቶች ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚወስዱት 6 ብቻ ነበሩ። በ2016 35 ደረሱ። ማን አስገደዳቸው? ማንም! የጤና ኤክስቴንሽን ልጆቻችን ቤት ለቤት ዞረው አስረዱ፤ ሴቶቹም ተቀበሉ። በዚያው በ2016 ጥናት ደግሞ ካገቡ 100 ሴቶች 22ቱ መውለድ ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አይወስዱም ነበር። ለማን ነው የማይገባው? ለእሷ ነው ወይስ ለኛ? «ከባልሽ ጋር ነይ» ብለን የመለስናትስ?

ስለ በለጤ ጫካና ስለ ግልገል ግቤ ግድብ ደለልም ጽፌ ነበር። ሰዓቱ ስለሄደ እዘለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ የተባበሩት መንግሥታት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ተጥሏል። ያቺ እናት አንድ እፍኝ በቆሎ ጥላ አታውቅም። የዓለም ሀብት አለቀ ሲባል ጣት ወደ እሷ ማሕፀን ሲቀሰር አንጀቴ ያርራል።

ተማሪ ልጆቼ፣ ነገ ወንበሩ የእናንተ ነው። መድኃኒት ሲያልቅ ባዶ እጇን አትመልሷት። እስኪገባ ድረስ ክኒንም ሆነ ኮንዶም ስጧት። ስልኳን ያዙ፤ ስልክ ከሌላት የጎረቤቷን ያዙ። ክምችቱ ሳያልቅ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቅጹ ካልተፈረመ ቢሮው በር ላይ ቁሙ። እኔ ያኔ አልቆምኩም።

ሐሙስ ገበያ ነው። እናቶች ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ስቶሩን ክፈቱና እዩት።

ገለቶማ። አመሰግናለሁ።