ቀን በቀን ኮከብ ፍለጋ

ቬንትሌተሩ ይሰማችኋል አይደል? ይቅርታ። ለቀረጻው ብዬ አጥፍቼው ነበር፣ አምስት ደቂቃ አልቻልኩም። ድሬ ነው፣ ግንቦት ነው፣ ትረዱኛላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ጃኬት ለብሼ ስንቀጠቀጥ ነበር። እንጦጦ ላይ። ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ጓደኛዬ «የኮከብ መመልከቻውን የሚጎበኝ ቡድን አለ፣ ትመጣለህ?» አለኝ። ሳይጨርስ እሺ አልኩት።

እኔ ግቢ ተኝቼ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ሙቀቱ ሲብስ አልጋው ወደ ውጭ ይወጣል፣ አጎበሩ ይታሰራል፣ ከዚያ እንቅልፍ እስኪወስድህ ድረስ ሰማይ ነው። ስለዚህ በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር። ዓይኔን እደቅናለሁ፣ የሳተርንን ቀለበት አያለሁ። ጉብኝቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው ሲሉኝ እንኳ አልባነንኩም። አቦ፣ በጠራራ ፀሐይ ምን ኮከብ አለ?

ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ነው። ከእኛ ቤት በ2,000 ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ጥቂት ደረጃ ወጥቼ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። የአዲስ አበባ ልጆች እያወሩ ይወጣሉ።

ሁለት ጉልላት አለ፣ በየውስጣቸው አንድ አንድ ቴሌስኮፕ። የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር ነው። ገብተን ቆምን። ከውጭው እኩል ይበርዳል። «ማሞቂያ የላችሁም?» አልኳት አስጎብኚዋን። ሳቀች። ማሞቂያ ቢኖር ሞቃቱ አየር በጉልላቱ መክፈቻ ሲወጣ የኮከቡን ምስል ያርገበግበዋል አለች። ሌላው ሰው ራሱን ነቀነቀ እንጂ የገባው አልመሰለኝም። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ቀትር ላይ የድሬ አስፋልት እንደ ውሃ ሲርገበገብ አይታችሁ የለ? እሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይኸው። ቴሌስኮፕ ማለት ማጉያ ይመስለኝ ነበር። ዋና ሥራው ለካ ብርሃን መሰብሰብ ነው። ዝናብ ሲመጣ ስኒ ከምትደቅኑና ሳፋ ከምትደቅኑ የቱ ይሞላል? የዓይናችን ብሌን በጨለማ ቢሰፋ ቢሰፋ 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። 1 ሜትሩ መስታወት ከዚያ 20,000 ጊዜ ያህል የበለጠ ብርሃን ይቀበላል። በስልኬ ካልኩሌተር ሁለት ጊዜ አሰላሁት።

በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከቻይና የተወነጨፈችውን 72 ኪሎ ሳተላይታችንን ለመከታተል የተሠራውንም ጣቢያ አሳዩን። እሱ ላይ ብዙ አልቆየሁም፣ እውነት ለመናገር በርዶኝ ነበር።

ድሬ ስመለስ አያቴ ግቢ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«እህ፣ ምን አየህ?»

«መስታወት።»

«አቦ! መስታወት ለማየት ነው እንጦጦ ድረስ? ኮሞዲኖው ላይ አለልህ አይደል?»

ምን ልበላት! ያን ምሽት መብራት ሄደ፣ ሰማዩም ወለል አለ። የደቡብ መስቀልን አሳየኋት፣ ግንቦት ላይ ምሽቱን በደቡብ በኩል ቆሞ ይታያል። ቀጥዬ የሰሜን ኮከብን ፈለግኩ። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ሁለቱንም ከአንድ ግቢ ማየት እንችላለን። ችግሩ፣ የሰሜኑ እኛ ጋ በጣም ዝቅ ይላል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡ፣ የጡጫችሁን ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ የጎረቤት ቆርቆሮ አለ።

አጥሩ ላይ ልወጣ እግሬን ሳነሳ ከኋላዬ ጮኸች፤ «ውረድ! ሌባ ነው ብለው በድንጋይ ነው የሚሉህ!»