«ሩበር»ን ከማየታችን በፊት

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው ጉባኤያችን የሚነጋገርበት ፊልም በ1936 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ የወጣው «ሩበር» ነው፤ ጎማ ማለት ነው። አዘጋጆቹ ጌራርድ ሩተንና ዮሃን ደ ሜስተር ናቸው። መነሻው ማዴሎን ሉሎፍስ በ1931 ያሳተመችው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ደራሲዋ ራሷ ያኔ የኔዘርላንድስ ቅኝ ግዛት በነበረችው፣ ዛሬ የኢንዶኔዥያ ደሴት በሆነችው ሱማትራ፣ ደሊ በተባለው የእርሻ አካባቢ የጎማ ተካይ ሚስት ሆና ኖራለች። የነጮቹን ቤት ከውስጥ ታውቀዋለች፦ ስካሩን፣ የአገር ናፍቆቱን፣ የሚፈርሰውን ትዳር፣ የጎማ ዋጋ ሲሰቀል የሚረጨውን ገንዘብ፣ ከ1929 በኋላ ዋጋው ሲወድቅ የመጣውን ስንብት። ብዙ ኩባንያዎች ወጣት አውሮፓውያን የእርሻ ረዳቶቻቸውን ለዓመታት እንዳያገቡ ይከለክሉ እንደነበር ላወቀ፣ ያ ሁሉ የቤት ውስጥ ጣጣ አያስገርመውም።

እኔ ግን ዛሬ ስለ ጎማው ዛፍ ላውራ። የእርሻው ሥራ ያልገባው ተመልካች የፊልሙን ግማሽ ያጣዋል ባይ ነኝ።

ሥራው ጎህ ሲቀድ ይጀመራል። በማለዳው ቅዝቃዜ ዛፉ ውኃ ስለሚሞላ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይበረታል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ወተቱ፣ ማለትም ጎማ የሚሠራበት ነጭ የዛፉ ፈሳሽ፣ እየነጠፈ ይሄዳል። ሠራተኛው ቅርፊቱን ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ፣ 30 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ ይቆርጣል። ወተቱ የሚሄድባቸው ቧንቧዎች በተቃራኒው ትንሽ ያዘነበሉ ስለሆኑ፣ እንዲህ ሲቆረጥ ብዙዎቹ ይከፈታሉ። በአንድ ጊዜ የሚነሣው ቅርፊት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። ቢላዋው ጠልቆ ከእንጨቱ በላይ ያለውን ስስ ሕያው ሽፋን ከነካ ዛፉ ይቆስላል፤ ቅርፊቱ ጎርበጥ ብሎ ይድንና ከዓመታት በኋላ ሲመለሱበት አይቆረጥም። ሳይጠልቅ ከቀረ ደግሞ ወተቱ ያንሳል፣ ምርጦቹ ቧንቧዎች ያሉት እዚያው ሽፋን ጥግ ነውና። ይህን ጥንቃቄ አንድ ሰው በአንድ ማለዳ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዛፎች ላይ ይደግመዋል። ዝናብ ከቀደመው ወተቱ በግንዱ ላይ ተበትኖ ይቀራል፣ የዕለቱም ድካም ከንቱ ይሆናል።

የተሰበሰበው ወተት ተጣርቶ፣ በውኃ ቀጥኖ፣ በፎርሚክ ወይም በአሴቲክ አሲድ ይረጋል። አሲዱ ካነሰ በደንብ አይጨብጥም። ከረጋ በኋላ በመዳመጫ ስስ ሉህ ተደርጎ ለቀናት ጭስ ቤት ይሰቀላል፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በጣም ካለፈ ሉሁ አረፋ አውጥቶ ደረጃው ይወርዳል።

ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከጎረቤቷ ደሴት ከጃቫ በውል የመጡ ነበሩ። የ1880ው የኩሊ (የውል የጉልበት ሠራተኛ) ድንጋጌ ውሉን አፍርሶ የጠፋን ሠራተኛ ያስቀጣ ነበር፤ የሥራ ውል መጣስ ወንጀል ሆኖ ማለት ነው። የደሊ ኩባንያዎች ይህን ቅጣት መተው የጀመሩት በ1931 ገደማ ነው። በግዳጅ የተመረተ ዕቃን የሚከለክለው የ1930ው የአሜሪካ ቀረጥ ሕግ እነሱ ከጎማ ሌላ የሚያመርቱትን የትምባሆ ገበያ ስላሰጋው እንጂ ርኅራኄ ይዟቸው አልነበረም። መጽሐፉ የወጣው በዚያው ዓመት መሆኑን አስተውሉ።

ስለዚህ ፊልሙን ስትመለከቱ እነዚህን ጠይቁ፦ ቆራጮቹ በስንት ትዕይንት ይታያሉ? ሲናገሩስ ይሰማሉ? ካሜራው ቅርፊቱ ላይ ይቆያል ወይስ ወደ በረንዳው ይቸኩላል? ያስተዋላችሁትን በማስታወሻ ይዛችሁ ከዕረፍት በኋላ ወደሚደረገው ውይይት ኑ፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ አምስት ደቂቃ ይኖረዋል።

ጉባኤያችን ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።