የአልቤርቶ አስካሪ ተከታታይ ድሎች፦ 7 ወይስ 9?

ሀ፦ ጣሊያናዊው የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪ፣ የፌራሪው አልቤርቶ አስካሪ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው «9 ተከታታይ ድል» ነው። ዛሬ አንድ በአንድ እንቁጠረው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለ፦ 1952፦ ቤልጅየም፣ ፈረንሳይ፣ ብሪታንያ፣ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ጣሊያን። 6 ሆነ። በ1953 አርጀንቲና፣ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጅየም። 9!

ሀ፦ ቆይ፣ አንዱን ዘለልከው። በ1953 ከአርጀንቲና በኋላ የተካሄደው ኢንዲያናፖሊስ 500 የተባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ነው። ያኔ ለዓለም ሻምፒዮናው ነጥብ ይሰጥ ነበር።

ለ፦ አስካሪ እዚያ አልነበረማ። የሻምፒዮናውን ሰንጠረዥ እንዳለ ካየኸው ድሉ 7 ላይ ይቋረጣል፤ እሱ የተወዳደረባቸውን ብቻ ከቆጠርክ 9 ነው። እኔ 9 እላለሁ። የአውሮፓ ቡድኖች እኮ ኢንዲያናፖሊስ ብዙም አይሄዱም ነበር።

ሀ፦ እሱ ግን በ1952 ሄዷል።

ለ፦ ሄዶም ምን አገኘ? ለዚያ ሲል የስዊዘርላንዱ ውድድር አመለጠው፤ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ደግሞ በ40ኛው ዙር ቸርኬው ተሰብሮ ወጣ። ስዊዘርላንድን በዚያው በፌራሪ ፒዬሮ ታሩፊ ወሰደው።

ሀ፦ አሁን ሰው የሚምታታበት ነጥቡ ነው። የ1952 ሰንጠረዥ ላይ «36 (53.5)» ይላል።

ለ፦ 1ኛ 8 ነጥብ ያገኛል፣ ከዚያ 6፣ 4፣ 3፣ 2። ፈጣኑን ዙር ላስመዘገበ 1 ይጨመርለታል። ከ8ቱ ውድድሮች የሚቆጠሩት ግን የእያንዳንዱ አሽከርካሪ ምርጥ 4 ብቻ ናቸው። አንድ ድል ከፈጣን ዙር ጋር 9፤ በ4 ሲባዛ 36። ከዚያ በላይ ማግኘት አይቻልም።

ሀ፦ ስለዚህ የሻምፒዮናውን ጉዳይ ጀርመን ላይ ጨርሶታል!

ለ፦ አዎ። የጀርመኑ መወዳደሪያ ኑርቡርግሪንግ 4ኛ ድሉ ነው። ያውም ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ዘይት ለመጨመር ፒት (መኪና የሚታደስበት ቦታ) ገብቶ፣ መሪነቱን ለቡድን ጓደኛው ለፋሪና ለቆ፣ መልሶ ቀደመው። የኔዘርላንድስና የጣሊያን ድሎች ለነጥቡ ምንም አልጨመሩም። 53.5 ሁሉም ውድድሮቹ ሲደመሩ ነው፤ ግማሿ የመጣችው በጣሊያኑ ውድድር፣ ሞንዛ ላይ፣ ፈጣኑን ዙር ከሌላው አሽከርካሪ ከጎንዛሌዝ ጋር ስለተጋራ ነው።

ሀ፦ ተቀናቃኝ አልነበረውም የሚሉም አሉ።

ለ፦ በከፊል እውነት ነው። የአልፋ ሮሜዮ ቡድን ከውድድሩ ወጥቷል፤ የ1951 ሻምፒዮን ፋንጂዮ ሰኔ 1952 ሞንዛ ላይ አንገቱ ተሰብሮ ዓመቱን አሳልፏል። ውድድሩም ከፎርሙላ ዋን በታች ባለው በፎርሙላ ቱ ደንብ፣ በ2 ሊትር ሞተር ሆነ። ፌራሪ 500 ለዚያ ተዘጋጅቶ ጠበቀ፦ መሐንዲሱ ላምፕሬዲ የነደፈው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1,985 ሲሲ። ቢሆንም ፋሪናና ታሩፊም ያንኑ መኪና ነበር የሚነዱት፤ እነሱን ነው የቀደማቸው።

ሀ፦ 1953ስ?

ለ፦ 5 ድል፣ 34.5 ነጥብ። ፋንጂዮም ተመልሷል። አስካሪ ኑርቡርግሪንግ ላይ የፊት ጎማው ወልቆ በሦስት ጎማ ፒት ደረሰ፤ ከዚያ የቡድን ጓደኛውን የቪሎሬዚን መኪና ተረክቦ ፈጣኑን ዙር አስመዘገበ። የዚያን ጊዜ ደንብ መኪና መለዋወጥ ይፈቅድ ነበር።

ሀ፦ ከዚያ በኋላ ግን በሻምፒዮናው አንድም ድል የለም።

ለ፦ ለሌላው የጣሊያን ቡድን ለላንቺያ ፈርሞ ነበር፤ ዲ50 መኪናዋ ግን እስከ ጥቅምት 1954 አልደረሰችም። ስፔን ላይ በፖል ፖዚሽን (ከፊት በ1ኛው መነሻ ቦታ) ጀምራ እየመራች ክላቿ ተበላሸ። በመካከሉ ከማሴራቲና ከፌራሪ መኪና እየተዋሰ ነዳ።

ሀ፦ ጠቅላላው 32 ውድድር፣ 13 ድል፣ 14 ፖል።

ለ፦ 32ቱ ውስጥ ያቺ የ1952ቷ ኢንዲያናፖሊስ አለች። ካወጣሃት 13 ከ31 ነው።