ቦምባስት ውስጥ ቦምብ የለም!

እሺ ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? የዛሬው ቃላችን ከእንግሊዝኛ ነው፤ ቦምባስት። ቦም-ባስት! ሲጠሩት ራሱ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚወጣው። ትርጉሙም ያው ነው፤ ቃሉ ተራራ የሚያክል፣ ፍሬው ግን ቅንጣት የሆነ ንግግር። ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል።

መነሻው ምን ይመስላችኋል? ጥጥ! አዎ፣ ጥጥ ነው ያልኩት።

የድሮ የሰርግ ኮት ታስታውሳላችሁ? ትከሻው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት? ቀጫጫው ሙሽራ ያንን ሲለብስ በር አይበቃውም። ፎቶው ላይ ጀግና ነው፣ ግርማው አያስቀርብም። ማታ ኮቱን አውልቆ ሲሰቅለው ግን ትከሻውም አብሮ ተሰቀለ! ሙሽራዋ መስቀያውን ታያለች፣ ሰውየውን ታያለች፣ መስቀያውን ታያለች... በነገራችን ላይ ያ ኮት ፋሽኑ ቢመለስ እኔ ደስ ይለኛል። አትሳቁ።

የ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ደግሞ በትከሻ አላበቁም። የወንዶቹን ጃኬት ደረቱንም ሆዱንም ይጠቀጥቁት ነበር። ሆዱን! እኛ ጂም ገብተን የምንታገለውን ቦርጭ እነሱ በልብስ ሰፊ ያሠሩት ነበር። መጠቅጠቂያው ጥጥ ነው ቦምባስት የተባለው።

የቃሉን ጉዞ ቶሎ ልበለው፦ ግሪክኛ ቦምቢክስ፣ የሐር ትል፤ በላቲን ሐር ነበር፣ ኋላ ጥጥ ሆነ፤ በፈረንሳይኛ አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። ከዚያ ከጃኬት ወደ አፍ። እ.ኤ.አ. በ1592 በቲያትር ጸሐፊው በሮበርት ግሪን ስም በታተመ ጽሑፍ ሼክስፒር ሲወረፍ፣ ቃሉ ስንኝ ለመጠቅጠቅ ውሏል። አለቀ።

አሁን ወደ እናንተ። «ከቦምብ ነው የመጣው» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። አይደለም! ቦምብ የመጣው ቦምቦስ ከሚል ሌላ የግሪክ ቃል ነው፤ ጉምጉም የሚል ድምፅ ማለት ነው። ጥጥ ደግሞ አይፈነዳም፣ ወገን።

ሌሎቻችሁ፣ አንባቢዎቹ፣ «ከፓራሴልሰስ ነው» ትላላችሁ። ይሄኛው ያሳስታል፣ እረዳችኋለሁ። የስዊዙ ሐኪም ሙሉ ስሙ ውስጥ ቦምባስተስ አለበት። ጉራውም የታወቀ ነው፤ በ1527 ባዝል ላይ የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ እሳት ውስጥ የጨመረ ሰው ነው! ታሪኩ ከስሙ ጋር ሲገጥም ማን አይጠረጥርም? ግን ቦምባስት የቤተሰቡ ስም ነው፣ ከአባቶቹ የወረሰው። የእንግሊዝኛው ቃል ከጥጡ ነው የመጣው።

«ታዲያ ባንከምስ?» ላላችሁ፣ ባዶ ወሬ የሚባለው ሌላው የእንግሊዝኛ ቃል ማለት ነው፣ እሱ አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ቡንኮም ከሚባል አውራጃ ነው፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ ነው። ሰብስክራይብ አድርጉና ደወሏን ንኳት፤ ኮት ያላችሁ ደግሞ ፎቶ ላኩልኝ።