አበጀ በለው የት ሄደ? (በደብረ ማርቆስ የፊልም ምሽት የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ ጎበዝ! ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ። አዘጋጆቹ አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። "ስለ ፊልም ጥቅም ተናገርልን" ነው ያሉኝ። የፊልም ጥቅም ያልገባው ሰው ቅዳሜ ማታ ጠላውንና ካርታውን ትቶ እዚህ አይመጣም። ስለዚህ እሱን ልለፈውና ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልግባ። እኔም የመጣሁት ለሱ ነው።

መጀመሪያ ዴቪድ ፊንቸር በ2011 የሠራውን "የድራጎን ንቅሳት ያላት ልጅ" አየን። በሳምንቱ ደግሞ በ2018 የወጣውን ተከታይ፣ "በሸረሪት ድር ውስጥ ያለችው ልጅ"ን። (የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ ከኛ ጋር እንዳታምታቱት።) ሁለተኛው ገና እንደተጀመረ ከመሃል አንዱ "ይቺ ደግሞ ማናት?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "አክተሯን መልሱልን!" ያለም ነበር። መብራት ሲበራ በር ላይ ትኬት የምትቆርጠዋን ልጅ ከበው "ብራችንን መልሽ" ያሉ አሉ። ኧረ በማርቆስ! ተዋናይ የምትቀጥረው እሷ ናት እንዴ?

ቅሬታው ግን ገብቶኛል። በመጀመሪያው ፊልም ዋናዋን ልጅ፣ ኮምፒውተር ሰብራ የምትገባዋን ሀከር ሊዝቤትን የሆነችው ሩኒ ማራ ናት፣ ለኦስካር የታጨችውም በዚያ ሚና ነው። ቅንድቧ የሌለ እስኪመስል ነጥቶ፣ ከሰው ዓይን እየሸሸች፣ ሦስት ቃል ተናግራ ዝም ስትል ያየ ሰው ቶሎ አይረሳትም። ዳንኤል ክሬግም ጋዜጠኛውን ብሎምክቪስትን ሆኖ ከጎኗ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ሁሉም ተቀየረ። ዳይሬክተሩ ፌዴ አልቫሬዝ ሆነ። ጋዜጠኛው ብሎምክቪስት ስቬሪር ጉድናሶን ሆነ። ሊዝቤት ደግሞ ክሌር ፎይ ሆነች፣ "ዘ ክራውን" ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥን ሆና የምናውቃት። ትናንት ዘውድ የደፋችን ሴት ዛሬ ሞተር ሳይክል ላይ ስታዩ ግር ቢላችሁ አልፈርድም።

ግን ማራም እኮ የመጀመሪያዋ አይደለችም! በ2009 ስዊድኖች ራሳቸው ታሪኩ የተወሰደባቸውን ሦስቱንም መጽሐፍ በፊልም ሲሠሩ ሊዝቤት የነበረችው ኑሚ ራፓስ ናት። እሷን የለመደ ሰው ማራንም በጥርጣሬ ነው ያያት። ማራ ግን ታሪኩን ይዛ መጣች፣ ሰውም ተቀበላት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቢቸና አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ ፊደል አልቆጠረም። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን የሰማው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው፤ የሰማውም እስኪሸመድደው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ የሀገራችንን ልጅ የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ወጋየሁ ሲያነበው ፊታውራሪ መሸሻ ጎረቤት ያሉ ነው የሚመስለው። ታዲያ ሬዲዮኑ ተበላሸ። ታላቅ ወንድሜ መጽሐፉን ከትምህርት ቤት ተውሶ መጣና ማታ ማታ በኩራዝ ያነብለት ጀመር። የመጀመሪያው ማታ አጎቴ ፊቱን አዞረ። "ጉዱ ካሳ እንዲህ አይናገርም! አንተ ልጅ፣ የታመመ በግ ይመስል ምን ያነፋንፍሃል?" አለው። እኛ ሳቅን። ወንድሜ ግን አላቆመም። በሁለተኛው ማታ አጎቴ ዝም አለ። በሦስተኛው ጭራሽ ራቱን ሳይጨርስ "በል አምጣው" ማለት ጀመረ፣ የአጎቴ ሚስትም ቡናውን ወደዚያው ክፍል አመጡት፣ ጎረቤትም ይሰበሰብ ጀመር፤ የወጋየሁን ስም ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወንድሜ ብልጥ ልሁን አለ። ወደ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ቶሎ ለመድረስ ብሎ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሱበትን ክፍል ዘለለው። አጎቴ ትንሽ ሰማ፣ ሰማና ኩራዙን አንስቶ ወንድሜ ፊት ላይ አበራበት። "አበጀ በለው የት ሄደ?" አለው። ወንድሜ ተንተባተበ። "ድምፅህን ቻልኩ። ጭራሽ ሰውየውን ትውጥብኛለህ?" ብሎ አባረረው። የዚያን ቀን ማታ ሌላ ንባብ አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም እንደ አጎቴ ነው ያደረገኝ። ክሌር ፎይን ቻልኳት። አበጀ በለው ግን የት ሄደ?

ነገሩን ላስረዳ። ታሪኩን የጻፈው ስቲግ ላርሰን ጋዜጠኛ ነበር፣ "ኤክስፖ" የሚባል መጽሔት መሥርቶ የሀገሩን ዘረኞች ሲያጋልጥ የኖረ ሰው። በ2004 በ50 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። መጽሐፎቹ የታተሙት ከሞተ በኋላ ነው። ፊንቸር የመጀመሪያውን ሠራ። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ሊዝቤት በልጅነቷ እናቷን በሚደበድበው አባቷ ላይ ለምን ቤንዚን አርከፍክፋ እሳት እንደለኮሰችበት ይገለጣል። ሦስተኛው ላይ እብድ ናት ብለው የዘጉባትን ሰዎች ፍርድ ቤት ላይ ጉዳቸውን ታወጣለች። የታሪኩ እምብርት ይሄ ነው። የ2018ቱ ፊልም ሁለቱንም ዘለላቸውና አራተኛው ላይ ዘጭ አለ። እሱን ደግሞ ላርሰን አልጻፈውም። ዴቪድ ላገርክራንትዝ የሚባል ሌላ ደራሲ ነው በ2015 ያወጣው። የላርሰን የረጅም ዘመን የትዳር ያህል አጋሩ ኤቫ ጋብሪኤልሰን ተቃውማ ነበር፣ ግን በሕግ ስላልተጋቡ ውርሱ ለአባቱና ለወንድሙ ሄዶ ነበርና የሰማት የለም። እዚህ ጎጃም ቢሆን ቢያንስ ሽማግሌ ይገባበት ነበር።

ታዲያ በተዘለለው ፋንታ ምን ሰጡን? ድሮ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ስናይ አንድ ሕግ እናውቅ ነበር፤ አክተሩ አይሞትም። ሊዝቤትን እሱን አደረጓት። ቤቷ በእሳት ሲጋይ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብታ ትተርፋለች። በበረዶ ላይ በሞተር ታመልጣለች። የዓለምን የኒውክሌር መሣሪያ የሚያዝ ፕሮግራም ትሰርቃለች። መጨረሻ ላይ አንዱ ከሩቅ ሆኖ ግድግዳ እየበሳ ሰው በጥይት ይለቅማል። እሺ፣ ይሁን። ሀከርነቷስ? በመጀመሪያው ፊልም የድርጅቱ መዝገብ ቤት ተቀምጣ የድሮ ደረሰኝ ከሞቱት ሴቶች ጋር ስታመሳክር ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። ብሎምክቪስት የ1966ቱን ሰልፍ ፎቶዎች ላፕቶፕ ላይ ደርድሮ ቶሎ ቶሎ ሲያሳልፋቸው የጠፋችዋ ልጅ ፊት ሲለወጥ ያየንበትን አስታውሱ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም እኮ! አዳራሹ ግን ጸጥ ብሎ ነበር፤ ቆሎ የሚቆረጥም እንኳ አልነበረም።

በሁለተኛውስ የጮኻችሁት የት ላይ ነው? ሚስቱን የሚደበድበውን ሀብታም ቁልቁል ሰቅላ ብሩን በስልኳ ለተደበደቡት ሴቶች ስትልክባቸው። እዚያ ላይ ያጨበጨባችሁ እናንተው ናችሁ! ያን ያደረገችው ማን ናት? "ይቺ ማናት" ያላችኋት ክሌር ፎይ ናት። እህቷ ካሚላ ቀይ ለብሳ ፊቷ ቆማ ሌላውን ሴት ሁሉ ስታድኚ እኔን ለምን ተውሽኝ ብላ ስትጠይቃት የፎይን ፊት አይታችሁታል? እኔ አይቼዋለሁ። ሴትዮዋ ሥራዋን ሠርታለች። የጎደለው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ወረቀቱን የጻፈ፣ ያጸደቀ፣ ገንዘብ የከፈለ ሰው እያለ ስድቡን የምትጠጣው ካሜራ ፊት የቆመችው ናት። እኛም እዚህ ይሄንኑ እናደርጋለን! ድራማው ሲበላሽ መንገድ ላይ የሚሰደበው ተዋናዩ ነው፤ ድርሰቱን ማን እንደጻፈው የሚጠይቅ አንድ ሰው አሳዩኝ!

ብሎምክቪስትም አለ። ወጣት ሆኗል፣ ደግሞም ብዙ ሥራ የለውም። እሱን እዚሁ ልተወው።

ገንዘቡም ቢሆን አልሆነላቸውም። የፊንቸሩ 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ230 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ተከታዩ 43 ሚሊዮን ገደማ ወጥቶበት 35 ሚሊዮን አካባቢ ነው ያገኘው። ተመልካች በየሀገሩ አኩርፏል ማለት ነው፣ እናንተ ብቻ አይደላችሁም።

አሥር ደቂቃዬ አልቋል መሰለኝ፣ አስተባባሪው ሰዓቱን እያየ ነው። የተዘለለውን እንይ ብለን ከአዘጋጆቹ ጋር ተስማምተናል። በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች የስዊድኖቹ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ይታያል፣ ከኑሚ ራፓስ ጋር። ፊቷ ሌላ ነው፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ንግግሩ በስዊድንኛ ነው፣ ከታች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ማንበብ የሚያስቸግረው ካለ ግራ በኩል የፊት ረድፍ ላይ ይቀመጥ፣ እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እተረጉምለታለሁ። ትኬት በር ላይ ነው፣ ልጅቷንም በሥርዓት አናግሯት። አመሰግናለሁ።